ጥያቄዋ የ12 ዓመት፣ እንባዋ የ6 ዓመት፦ ስሜቱ የሚበረታበትን ባለ ተሰጥዖ ልጅ እንዴት እንያዝ

ልጄ 6 ዓመቷ ሳለ አንድ ማታ መብራቷን ላጠፋ ስል ጠየቀችኝ። «ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነዳጇ ያልቃል ካልሽ፣ ያኔ የሚኖሩት ሰዎች የት ይሄዳሉ? ከአሁኑ ማን ያስብላቸዋል?» በማግስቱ ጠዋት ይህችው ልጅ የካልሲዋ ስፌት ጣቷን ነካኝ ብላ ወለል ላይ ተጋድማ 40 ደቂቃ አለቀሰች። እሷ ከትምህርት ቤት፣ እኔ ከሥራ ዘገየን፤ ጮህኩባትም። ያልኳት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ይህን ሁሉ የምታውቂ ልጅ በካልሲ ታለቅሻለሽ?»

ስህተቴ የት እንዳለ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ጥያቄዋ የ12 ዓመት ልጅ ስለሚመስል እንባዋም የ12 ዓመት እንዲሆን እጠብቅ ነበር። እንባዋ ግን የ6 ዓመት ነው፤ የደከማት ቀን ደግሞ የ4። አሁን 11 ዓመቷ ነው። በእነዚህ 5 ዓመታት የበጀንንና ያልበጀንን፣ እንደ እሷ ያለ ልጅ ለምታሳድጉ እጽፍላችኋለሁ።

ከስሙ ጀምሩ

ሆደ ባሻ፣ አልቃሻ፣ ቅብጥብጥ፣ ነዝናዛ፣ ሞልቃቃ። ልጄ እነዚህን ሁሉ 7 ዓመት ሳይሞላት ሰምታቸዋለች፤ ሁለቱን ከእኔው አፍ። ስሞቹ ከማቁሰላቸውም ሌላ፣ ልጁ በእኛ ላይ የሚያመጣውን ድካም እንጂ እሱ የሚደርስበትን አይነግሩንም። ስለዚህ አንድ ወረቀት አውጡና ልጃችሁን የምትጠሩበትን ስም ጻፉ፤ ከጎኑ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ አስፍሩ። እኔ «ነዝናዛ» ከሚለው ጎን «መልስ ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም» ብዬ ጻፍኩ። «ሞልቃቃ» ከሚለው ጎን «አዲስ ልብስ ሲነካት አንገቷ ይቀላል» አልኩ። ነዝናዛን ዝም ያሰኙታል፤ መልስ አጥቶ እንቅልፍ እምቢ ላለው ልጅ ግን የመልስ ሰዓት ይፈልጉለታል። ስሙን ስቀይር የማደርገውም ተቀየረ።

ይህን ነገር ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ የፖላንዱ የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ምሁር ካዢሚዬሽ ዶምብሮቭስኪ (1902–1980) ነበሩ። አንዳንድ ሰዎች ከሌላው በበረታ ሁኔታ እንደሚነቃቁ አይተው መንገዱን በአምስት ከፈሉት፦ በእንቅስቃሴ፣ በስሜት ሕዋሳት፣ በማሰብ፣ በምናብ እና በስሜት። አሜሪካ ውስጥ ማይክል ፒኾቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሐሳቡን ወደ ባለ ተሰጥዖ ልጆች ትምህርት አመጡት። እኔን አምስቱ መንገዶች በጣም ረድተውኛል፤ ምክንያቱም «ልጄ ለምን እንዲህ ሆነች» የሚለውን ትልቅ ጭንቀት ወደ «ዛሬ የበረታባት የትኛው ነው» ወደሚል ትንሽ ጥያቄ ያወርዱታል። ነገር ግን እንደ ሃይማኖት አትያዙት። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ተደማምረው ሲታዩ፣ በባለ ተሰጥዖ ልጆችና በሌሎች መካከል ጎልቶ የታየው ልዩነት በማሰብ በኩል ያለው ነው። በስሜትና በስሜት ሕዋሳት በኩል ያለው አነስተኛ ነው፤ በእንቅስቃሴ በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ቴርማን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምረው 1,500 ያህል ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሉም፣ ባለ ብሩህ አእምሮ ልጆች በጥቅሉ ከሌላው የባሰ የተረበሹ ሆነው አላገኟቸውም። ስለዚህ ሁሉም ጎበዝ ልጅ አልቃሻ አይደለም፤ አልቃሻ ልጅም ሁሉ ባለ ልዩ ተሰጥዖ ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ግን ቤት ውስጥ የሚፈጠረው ነገር የራሱ መልክ አለው።

ያን መልክ ለእኔ ከሁሉ አጥርተው ያሳዩኝ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሌታ ሆሊንግወርዝ (1886–1939) ናቸው። የአዋቂ ዓይነት ማስተዋል በልጅ ስሜትና በልጅ አካል ውስጥ ሲቀመጥ ልጁ ምን ያህል እንደሚቸገር ገና በዚያ ዘመን ጽፈዋል። ዛሬ ባለሙያዎች «ያልተመጣጠነ እድገት» የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ካነበብኩት ሁሉ የቤቴን ጠዋት የቀየረው ይህ አንድ ሐሳብ ነው።

ለአራት ሳምንት የሚያዝ ደብተር

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት መዝግቡ። እኔ በአንድ ተራ ደብተር አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ለቅሶው ወይም ቁጣው የተነሳበት ሰዓት፤ ከዚያ በፊት የነበሩት 2 ሰዓታት እንዴት እንዳለፉ፤ የዚያን ሌሊት እንቅልፍና የመጨረሻ ምግቧ፤ ምን ያህል እንደቆየ። «ለምን» የሚል ዓምድ ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ ለምንን በችኮላ የሚሞላ ሰው ፍርድ ነው የሚጽፈው።

በአራት ሳምንት ውስጥ 23 መዘገብኩ። 14ቱ ከትምህርት ቤት በተመለሰች በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የተነሱ ነበሩ። ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ራሷን ይዛ ትውልና፣ ደኅና ቦታ ስትደርስ የያዘችውን ትለቀዋለች። አስተማሪዋ «እዚህ እኮ በጣም ጨዋ ናት» ሲሉኝ ቤት ውስጥ ያበላሸኋት እኔ ነኝ ብዬ አለቅስ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው።

ለዚህ ያደረግነው ነገር ከሁሉም ቀላሉ፣ ከሁሉም ውጤታማው ሆነ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለ45 ደቂቃ ማንም ምንም አይጠይቃትም። «ዛሬ እንዴት ነበር?» እንኳ አይባልም። የምትበላው ይቀመጥላታል፤ ጋደም ትበል፣ ትዝለል፣ ዝም ትበል፣ የራሷ ጉዳይ ነው። የቤት ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት የከሰዓቱ ለቅሶ በግማሽ ቀነሰ።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ የእኔዋ 8 ሰዓት ሳትሞላ ትነሳ ነበር። ጭንቅላቷ ስለማያርፍ እንቅልፍ የማያስፈልጋት መስሎኝ ነበር። የመኝታ ሰዓቷን በየ3 ቀኑ በ15 ደቂቃ እያስቀደምን 9 ሰዓት ተኩል አደረስነው።

ቆዳ፣ ጆሮ፣ ዓይን

እዚህ ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ ሲቆረቁረው «ይቆረቁረኛል» የሚልን ልጅ እመኑት። የካልሲ ስፌት አያምም ብሎ መከራከር፣ እናንተ የማትሰሙትን ድምፅ የለም እንደማለት ነው። ካመናችሁ በኋላ የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው። ካልሲውን ገልብጣችሁ አልብሱ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን። አንገት ላይ ያለውን የልብስ መለያ በመቀስ አትቁረጡት፤ የሚቀረው ጉቶ ይበልጥ ይወጋል። የተሰፋበትን ክር በመርፌ ፈትታችሁ ሙሉውን አውጡት። አዲስ ልብስ ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ አታልብሱ። የነገውን ልብስ ማታ ላይ አስመርጡ፣ ለብሳ ትሞክረው፤ ጠዋት በችኮላ የሚነሳ ክርክር ማሸነፍ አይቻልም።

ለጆሮ ድምፅ የሚቀንስ መሸፈኛ ጠቅሞናል። ነገር ግን ለሚያስፈራ ጊዜ ብቻ አውሉት። ቀኑን ሙሉ የተሸፈነ ጆሮ ጸጥታውን ይለምድና ተራው ድምፅ ይበልጥ ይከብደዋል። ወደ ልደት ድግስ ስንሄድ ከሁሉም ሰው ቀድመን እንደርሳለን። ጫጫታው ጥቂት በጥቂት ሲያድግ ትችለዋለች፤ በሩን ከፍታ በአንድ ጊዜ ሲወድቅባት ግን አትችለውም። ገና ስንገባ የምታርፍበትን ጸጥ ያለ ክፍል እናያለን፣ የምንወጣበትንም ሰዓት እንነጋገራለን። የተነጋገርነውን ሰዓት ደግሞ እኔም አከብራለሁ፤ ጨዋታ ይዞኝ አንድ ጊዜ አሳልፌው ለወራት አላመነችኝም።

ማመን ማለት ሁሉን መፍቀድ አይደለም። በእኛ ቤት ቃሉ ይህ ነው፦ «ካልሲውን አለመልበስ ትችያለሽ። ወንድምሽ ላይ መወርወር ግን አትችይም።» ስሜቱ አይቀጣም፣ እጅ ግን ወሰን አለው።

ማዕበሉ ሲነሳ

ብልህ ልጅ ያለው ወላጅ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። በደህናው ጊዜ ልጁ ምክንያት ይገባዋል፤ ስለዚህ በለቅሶው መካከልም ምክንያት እንደረድራለን። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል ይህን አደረግሁ። ወለል ላይ ለተጋደመች ልጅ «አስቢው እስቲ፣ ነገ ይህ ነገር ትዝ ይልሻል?» እላለሁ። ያኔ የሚያስበው የአእምሮዋ ክፍል ሥራ አቁሟል፤ የኔ ቃል አንድ ተጨማሪ ጫጫታ ብቻ ነው።

የረዳን ደረጃ መሣል ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁላችንም ደህና በሆንበት ሰዓት፣ አምስት ደረጃ ያለው መሰላል አብረን ሣልን፤ እያንዳንዱን ደረጃ በራሷ ቃል እንድትገልጸው ጠየቅኳት። አንደኛው «ደህና ነኝ»። ሁለተኛው «ድምፅ ሰለቸኝ»። ሦስተኛው «እጄ ይጨበጣል፣ ድምፄ ይቀጥናል»። አራተኛው «እጮኻለሁ»። አምስተኛው ላይ «የምትሉኝ አይሰማኝም» ብላ ጻፈች፤ ሳነበው አንጀቴ ተላወሰ። ስንት ጊዜ ነው በማይሰማበት ሰዓት ያወራሁባት።

ሥራው ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው። እዚያ ላይ ስትደርስ ውኃ ትጠጣለች፣ ከክፍሉ ትወጣለች፣ ግድግዳውን በሁለት እጇ ኃይሏ እስኪያልቅ ትገፋለች፣ ወይም ደረጃ ትወጣና ትወርዳለች። ምን እንደሚረዳ ልጁን ጠይቃችሁ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ አንድ ነገር ጻፉ። የእኔ ታናሹ ልጅ ጥብቅ ተደርጎ መታቀፍ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ማንም እንዳይነካት።

አራተኛውና አምስተኛው ላይ ማስተማር የለም። ሌላውን ሰው ከክፍሉ አስወጡ፤ ተመልካች ሲኖር እፍረቱ ሌላ እሳት ይጨምራል። ቁመታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጥቂት ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ትንፋሻችሁን ስታስወጡ ከምታስገቡበት ረዘም አድርጉት፤ የልብ ምት የሚረግበው በማስወጣቱ ጊዜ ነው፣ እናንተ ስትረግቡ ልጁም ይከተላል። ቃላችሁ አጭር ይሁን። እኔ የምለው «እዚህ ነኝ። ጊዜ አለን» ብቻ ነው። በእውነት ጊዜ ከሌለ ደግሞ አልዋሽም፤ ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ እዘገያለሁ ብዬ ነው የምቀመጠው።

ካለፈ በኋላ ወዲያው አትጠይቁ። ለእኛ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይፈጃል። ከዚያ ሦስት ጥያቄ እጠይቃታለሁ፦ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳለሽ ምን ነበር? ምን ብናደርግ ይረዳሽ ነበር? የሚጠገን ነገር አለ? የተቀደደ መጽሐፍ ካለ አብረን እንለጥፋለን፤ ያስቀየመችው ሰው ካለ ይቅርታ ትጠይቃለች። በማልቀሷ ግን አትጠየቅም።

የማታ ጥያቄዎች

7 ዓመቷ ላይ «አንቺ ስትሞቺ እኔ ስንት ዓመቴ ይሆናል?» አለችኝ። መልሱን አስልታዋለች፤ የፈለገችው ማረጋገጫ ነው። «ይህን አታስቢ» ማለት አፌ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው መልስ ግን ሐሳቡን አያስቆመውም፤ ብቻዋን እንድታስበው ያደርጋታል እንጂ።

አሁን በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ «ምን አይተሽ ወይም ሰምተሽ ነው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ጥያቄ የሚነሳው ከትንሽ ነገር ነው፤ ያን ማታ የክፍል ጓደኛዋ አያት ታመው እንደነበር ሰማሁ። ቀጥዬ እውነተኛና አጭር መልስ እሰጣለሁ፦ «መቼ እንደምሞት አላውቅም። አብዛኞቹ ሰዎች ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ነው የሚሞቱት። እኔ ብታመም የሚንከባከቡሽ ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንቁጠር።» በጣት ቆጠርን፤ ስድስት ሆኑ። ከዚያ አቆማለሁ። ልጁ ካልጠየቀ አትጨምሩ።

የማያልቅ ጥያቄ ላለው ልጅ ደብተር ስጡት። ማታ የመጣው ይጻፋል፣ በማግስቱ በቀን ብርሃን 15 ደቂቃ ተመድቦ ይመለሳል። ሰዓቱን አትዝለሉ፤ ልጁ ማታ ጥያቄውን የሚያሳድረው ነገ እንደሚመለስ ሲያምን ነው። መልሱን ካላወቃችሁት አላውቅም በሉ፣ አብራችሁ ፈልጉ።

ዜናን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ቃሉን ይረዳል፣ ቁጥሩን ይረዳል፣ ሸክሙን የሚሸከምበት ትከሻ ግን የለውም። እሷ ባለችበት ዜና አንከፍትም። በሚቀጥለው ክፍል የሚወራ የአዋቂ ወሬም ዜና ነው። ሐዘኑ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ለእጇ የሚሆን ሥራ ፈልጉላት። ከጎጆዋ የወደቀች ጫጩት ሞታ አይታ ለሁለት ቀን ምግብ እምቢ ብላ ነበር። «አይዞሽ» ያልናት ሁሉ አልጠቀማትም። ቀበርናት፤ ከዚያ በጠፍጣፋ ዕቃ ለወፎች ውኃ ማስቀመጥ ጀመረች። ውኃውን እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ትቀይራለች።

ላጲስ ወረቀት ሲቀድ

አንዲት ፊደል አላማረችም ብላ ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ የምትፈገፍግ ልጅ ካለቻችሁ፣ ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። እነዚህ ልጆች ሊሠሩ የፈለጉት በአእምሯቸው ውስጥ ተጠናቆ ይታያቸዋል፤ እጃቸው ግን ገና የልጅ እጅ ነው። በዚያ ላይ እኛ «ጎበዝ! አንቺ እኮ ብልህ ነሽ!» እያልን ጨምረንበታል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ብልህነታቸው የተመሰገነ ልጆች በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቀላሉን ሥራ መርጠዋል፤ ሲሳሳቱም ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል። ብልህ የተባለ ልጅ ስህተቱን የስሙ መገፈፍ አድርጎ ያየዋል።

እኔ ምስጋናዬን ወደ ሥራዋ አዞርኩ፤ «ሦስት መንገድ ሞክረሽ አራተኛው ሠራ» እላታለሁ። ከዚያ በላይ የጠቀማት ግን በእውነት የሚከብዳትን ነገር መማር ነው። ሁሉ ነገር ቀላል የሆነለት ልጅ መታገልን የሚማርበት ቦታ የለውም። ለእሷ የውኃ ዋና ሆነላት። ለሁለት ወር ሰጠመች፣ ተናደደች፣ አለቀሰች፣ ተመለሰች። ለንድፍ ሥራ ደግሞ እርሳሱን ወስደን እስክሪብቶ ሰጠናት፤ የማይጠፋ መስመር ላይ መቀጠል ግዴታ ነው።

ከአስተማሪ ጋር ስትነጋገሩ

«ልጄ ባለ ልዩ ተሰጥዖ ናት» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ እንዲያ ጀምሬ «ስላሞላቀቃችኋት ነው» የሚል መልስ አገኘሁ፣ ተጣልቼም ወጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ በአንድ ገጽ ተመለስኩ፦ ከደብተሩ የተወሰደ፣ ሰዓትና ሁኔታ ብቻ ያለው። የጠየቅሁትም ሦስት ነገር ነው። ከበሩና ከጫጫታው ራቅ ያለ መቀመጫ፤ ቶሎ ስትጨርስ ተመሳሳይ ሥራ ከመጨመር ይልቅ ከበድ ያለ ሥራ፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ያለ ንግግር ካርድ አሳይታ ለ5 ደቂቃ መውጣት። ካርዱን በመጀመሪያው ወር 9 ጊዜ ተጠቀመችበት፣ በሦስተኛው ወር 2 ጊዜ። መውጫ እንዳለ ማወቋ በራሱ ይበቃት ነበር።

ወደ ባለሙያ መቼ

«ጎበዝ ስለሆነች ነው» የሚለው ሐሳብ ሌላ ችግር እንዳይሸፍን ተጠንቀቁ። አስቀድሞ ጆሮና ዓይን ይመርመር። የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ የሚባለው ችግር እንዲባል፣ ምልክቶቹ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው የታዩ፣ ቢያንስ ለ6 ወር የቆዩ፣ ከአንድ ቦታ በላይ የሚታዩና ኑሮውን የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚቅበጠበጥ ልጅ ትምህርቱ ቀሎት ይሆናል። ደግሞ በሚወደው ነገር ላይ 2 ሰዓት መቀመጡ ችግሩ የለበትም ማለት አይደለም፤ ያለባቸውም ልጆች እንዲያ ያደርጋሉ። ተሰጥዖና የትኩረት ችግር፣ ተሰጥዖና ኦቲዝም አንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጉ፤ የ4 ሳምንቱን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

መኖር አልፈልግም ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ምግብ ትቶ ከከሳ፣ ወይም ለሳምንታት ከቤት አልወጣም ካለ ደብተር መያዙን ተዉትና ዛሬውኑ ውሰዱት።

የእናንተ ደረጃ

ስለ ልጄ ለእናቴ ሳማርር አንድ ቀን፣ «አንቺም እንዲሁ ነበርሽ። እኔ ግን እንዴት እንደምይዝሽ የሚነግረኝ አልነበረም» አለችኝ። ያን ቀን ነው ለራሴም መሰላል የሣልኩት። የእኔ ሦስተኛ ደረጃ መንጋጋዬ ሲጠብቅ ነው። እዚያ ከደረስኩ ለልጄ ጮክ ብዬ «ሦስተኛው ላይ ነኝ» እላታለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ደግሞ አንድ ቃል ተስማምተናል፦ «ተረኛ»። አንዳችን ይህን ስንል ሌላው የያዘውን ትቶ ይመጣል፤ ለምን እንደሆነ አይጠየቅም፣ ማታም ሒሳብ አይወራረድም። ልጃችን ቃሉን ታውቀዋለች። ስትሰማ የጥያቄ ደብተሯን ታነሳና ወደ አባቷ ትሄዳለች።